የጥቁርና ነጭ ፎቶ ዴቨሎፐር በቤት መቀመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው ስለ ወረቀት ዴቨሎፐር ነው። በኢንላርጀሩ (የፊልሙን ምስል አጉልቶ ወረቀት ላይ በሚጥለው መሣሪያ) ብርሃን የነካው ወረቀት መጀመሪያ ስለሚገባበት፣ ምስሉን ስለሚያወጣው ፈሳሽ ማለት ነው። ስለ ፊልም አንዲት አጭር ጥያቄ ወደ መጨረሻው አለች።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እያለ ለምን እደክማለሁ?

ካልፈለጋችሁ አትድከሙ። ፎቶ ማጠብ ገና እየጀመራችሁ ከሆነ እንዲያውም የተዘጋጀውን ተጠቀሙ ነው የምላችሁ። ፎቶው ሲበላሽ ጥፋቱ የብርሃኑ ይሁን የወረቀቱ ለመለየት፣ ቢያንስ ዴቨሎፐሩ የማይጠረጠር መሆን አለበት።

ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተዘጋጀው ፈሳሽ ጠርሙሱ ከተከፈተ ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። በወር አንዴ ለምታጥቡ ሰዎች ግማሹ ሳይነካ ይደፋል። ደረቅ ዱቄቶቹ ግን በደንብ ተከድነው፣ ብርሃንና እርጥበት ሳይነካቸው ከተቀመጡ ዓመታት ይቆያሉ። ዛሬ ማታ ግማሽ ሊትር ብቻ ካስፈለጋችሁ ግማሽ ሊትር ትቀምማላችሁ። በዚያ ላይ አንድ ምርት ከገበያ ሲጠፋ አብራችሁ አትጠፉም። ቀመሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ እጃችሁ ላይ አለ።

ሦስተኛው ምክንያት የእኔ ነው። ምን እንደሚሠራ ሳላውቀው ለዓመታት የተጠቀምኩበት ፈሳሽ፣ ራሴ ስቀምመው ነው የገባኝ።

በውስጡ ምን ምን አለ?

አብዛኛው የወረቀት ዴቨሎፐር አምስት ነገር ነው፦ ሜቶል፣ ሃይድሮኪኖን፣ ሶዲየም ሰልፋይት፣ ሶዲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ብሮማይድ። የእያንዳንዳቸውን ሥራ ካወቃችሁ ቀሪው ጥያቄ ሁሉ ግማሽ መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ወረቀቱ ፊት ላይ የብር ጨው አለ። ዴቨሎፐር ብርሃን የነካውን ጨው ለይቶ ወደ ብር ይለውጠዋል። ጥቁር ሆኖ የሚታየን ያ ብር ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሜቶልና ሃይድሮኪኖን ናቸው። ሜቶል ፈጣን ነው፣ ግን ለስላሳ። ምስሉን ቶሎ ያወጣዋል፣ ሆኖም ብቻውን ሲሆን ግራጫ ግራጫ ያደርገዋል። ሃይድሮኪኖን ለመነሳት ይዘገያል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ጥቁሩን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻ ከሚሠሩት ድምር በላይ ይሠራሉ። ሜቶሉ ሠርቶ ሲደክም ሃይድሮኪኖኑ መልሶ ያነሳዋል፤ ሜቶሉም እንደገና ወደ ሥራው ይመለሳል። ጥንዶቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ሃይድሮኪኖን ለዴቨሎፐርነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዛዊው ዊሊያም አብኒ ነው። ሜቶል ደግሞ በ1891 መጣ። እስከ ዛሬ ጡረታ አልወጡም።

ካርቦኔቱ ፈሳሹን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል። ያለ እሱ ሃይድሮኪኖን ተኝቶ ነው የሚውለው። ሰልፋይቱ ጠባቂ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሠራተኞቹን ሳይበላቸው በፊት ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ብሮማይዱ ፍሬን ነው። ብርሃን ያልነካው ጨው አብሮ እንዳይጠቁር ይይዛል፤ ስለዚህ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ቀመር ልሥራ?

ዲ-72ን። ኮዳክ ይፋ ያደረገው የቆየ ቀመር ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የኮዳክ ዴክቶል የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ለአንድ ሊትር፦

ውሃ (50 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ) — 750 ሚሊ ሊትር
ሜቶል — 3 ግራም
ሶዲየም ሰልፋይት (ውሃ አልባው) — 45 ግራም
ሃይድሮኪኖን — 12 ግራም
ሶዲየም ካርቦኔት (ሞኖሃይድሬት) — 80 ግራም
ፖታሲየም ብሮማይድ — 2 ግራም
ቀዝቃዛ ውሃ — አንድ ሊትር እስኪሞላ

ይሄ ስቶክ ነው፤ ማለትም ሳይቀጥን የሚቀመጠው ወፍራሙ ፈሳሽ። ስትሠሩ አንድ እጅ ስቶክ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኑት። ቀመሩ ላይ ለማሻሻል አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ሃያ ወረቀት እንዳለ እጠቡበት። ጠባዩን ካወቃችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ንኩ።

ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ወሳኝ ነው?

ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት በጥፋት ነው።

የመጀመሪያ ቀን የቀመሩን ቅደም ተከተል ሳይሆን የግራሞቹን ብዛት አየሁ። ብዙ ግራም ያለው መጀመሪያ ይግባ፣ ጥቂቱ በኋላ ይሟሟል ብዬ አሰብኩ። ውሃውንም ቆጥቤ 300 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር ያሞቅኩት። ሰልፋይቱን በሙሉ ገለበጥኩት። ቀጥሎ ሜቶሉን ጨመርኩ። ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ልክ እንደተበላሸ ወተት። አማሰልኩ። እንደገና አሞቅኩት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አማሰልኩ። ፍርፋሪው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ደፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሜቶል ሰልፋይት በብዛት ባለበት ውሃ ውስጥ መሟሟት እምቢ ይላል። ስለዚህ ሜቶሉ ከሰልፋይቱ መቅደም አለበት። በሌላ በኩል ሜቶል ምንም ጠባቂ በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲቆይ አየር ይበላዋል። መፍትሔው በጣት ቆንጠር የሚደረግ ሰልፋይት ነው። ከተመዘነው ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ መጀመሪያ ጣሉ። ቀጥሎ ሜቶሉ። እሱ ፈጽሞ ከሟሟ በኋላ የቀረው ሰልፋይት በሙሉ። ከዚያ ሃይድሮኪኖን፣ ካርቦኔት፣ በመጨረሻ ብሮማይድ።

ሃይድሮኪኖን ከካርቦኔት የሚቀድምበትም ምክንያት አለው። አልካላይን ውስጥ ኦክስጅን በፍጥነት ይይዘዋል። ስለዚህ ሰልፋይቱ አስቀድሞ ቦታውን ይዞ መጠበቅ አለበት።

ሌላው ሕግ አንዱ ሳይሟሟ ሁለተኛውን አለመጨመር ነው። ማሰሮውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ከታች በኩል እዩት። ከሥሩ የሚዞር ብናኝ ካለ አልጨረሳችሁም። ስታማስሉም በእርጋታ ይሁን። አረፋ እስኪያወጣ መምታት አየር ማስገባት ነው። ካርቦኔቱን ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ እያማሰላችሁ በትኑት። በአንዴ ከገለበጣችሁት ሥር ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ከዚያ በማንኪያ ስትፈነቅሉ ትውላላችሁ።

የገዛሁት ካርቦኔት ላይ ሞኖሃይድሬት አይልም። ምን ላድርግ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ሶዲየም ካርቦኔት በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው ውሃ አልባ ነው፤ ደቃቅ ዱቄት። ሁለተኛው ሞኖሃይድሬት፣ ትንሽ ውሃ የያዘ። ሦስተኛው ዴካሃይድሬት፣ ብርጭቆ የመሰለ ትልልቅ ክሪስታል ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ በሚዛን እኩል ቢሆኑም ውስጣቸው ያለው ካርቦኔት እኩል አይደለም። አንድ ግራም ውሃ አልባ ካርቦኔት ከ1.17 ግራም ሞኖሃይድሬት ወይም ከ2.7 ግራም ዴካሃይድሬት ጋር እኩል ነው። በቀመራችን ላይ 80 ግራም ሞኖሃይድሬት ማለት 68 ግራም ውሃ አልባ ወይም 184 ግራም ገደማ ዴካሃይድሬት ማለት ነው። ለግማሽ ሊትር ስትቀምሙ ሁሉንም በግማሽ መቀነስ አትርሱ።

ክሪስታሉ ሌላ ጣጣም አለው። ክዳኑ ሳይጠብቅ ከቆየ ውሃው እየተነነ ላዩ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። ያኔ ግማሹ ክሪስታል፣ ግማሹ ዱቄት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ብትመዝኑትም የመዘናችሁት ምን እንደሆነ አታውቁም። በዴቨሎፐር ላይ አትጠቀሙበት።

ሰልፋይትም እንደዚሁ ነው። ክሪስታል የሆነው በክብደት የውሃ አልባውን እጥፍ ይፈልጋል። 45 ግራም ቢል 90 ግራም ትመዝናላችሁ።

ቤኪንግ ሶዳ ካርቦኔትን ይተካል?

እንዳለ አይተካም። ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ አልካላይነቱ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ነገር ግን በምድጃ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። ዝርግ መጥበሻ ላይ በስሱ በትኑት፣ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። መጀመሪያ አካባቢ ዱቄቱ ውሃ ሳይኖረው የሚፈላ ይመስላል። እዚህም እዚያም እፍ እያለ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራል። የሚወጣው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 108 ግራም አስገብታችሁ ከሆነ 68 ግራም ገደማ ሆኖ መውጣት አለበት። 75 ግራም ከሆነ አልበሰለም፤ መልሱት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አለቀ። ያገኛችሁት ውሃ አልባው ነው፤ ገና ትኩስ እያለ ክደኑት።

ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ አሲድና ስታርች ስላለበት አይሆንም።

ሰልፋይት፣ ሰልፋይድ፣ ሰልፌት፣ ባይሰልፋይት… ልዩነት አላቸው?

የሰማይና የምድር። በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ስለዚህ ተጠንቀቁ። እኛ የምንፈልገው ሰልፋይት ነው፤ በ"ይት" የሚያልቀው፣ ከፊቱም "ባይ" የሌለበት። ሰልፋይድ ፎቶን ቡናማ ለማድረግ የሚያገለግል፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚገማ ነገር ነው። ዴቨሎፐር ውስጥ ከገባ ወረቀታችሁን ያጨልመዋል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሰልፌት ምንም አይሠራም፤ ዴቨሎፐራችሁ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ባይሰልፋይት አሲዳማ ነው። የዕቃውን ስም ስትገዙ ብቻ ሳይሆን ከመመዘናችሁ በፊትም አንብቡ።

ሚዛኔ አንድ ግራም ብቻ ነው የሚለየው። ይበቃል?

ለካርቦኔትና ለሰልፋይት ይበቃል። እዚያ ላይ አንድ ግራም መዛባት ፎቶው ላይ አይታይም። ለሜቶልና ለብሮማይድ ግን አይበቃም። ሁለት ግራም ላይ አንድ ግራም መሳሳት ግማሽ ነው። አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ትንሽ የኪስ ሚዛን ያስፈልጋል። ብሮማይዱን ደግሞ አስቀድሞ መበጥበጥ ይቻላል። 10 ግራም ብሮማይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ 2 ግራም ሲባል 20 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ መሳብ ነው። ይሄ አይበላሽም።

በማንኪያ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ይሠራላቸዋል። እኔ ግን ትናንት የወደድኩትን ፎቶ ዛሬ መድገም ስለምፈልግ በማንኪያ አልለካም።

የቧንቧ ውሃ ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ውሃችሁ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ካርቦኔቱን ስትጨምሩ ወተት ወተት ይላል። ጉዳት የለውም። ሲያድር ይዘቅጣል፤ ከላይ ጥሩውን መቅዳት ነው። ካናደዳችሁ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። ለስቶኩ ብቻ ከሆነ ይበቃል፤ ስታቀጥኑት የቧንቧው ይሁን።

ሜቶል ቆዳዬን ያሳክከኛል። ምን አማራጭ አለ?

ፌኒዶን። ሜቶል አንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ ያመጣል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ በጥቂቱም ይነሳል፤ "ትንሽ ነው፣ ይለምደኛል" የሚባል ነገር የለም። ፌኒዶንን የኢልፎርድ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው ለዴቨሎፐር የሚሆን መሆኑን ያገኘው። የሜቶልን ሥራ ከሃይድሮኪኖን ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ መጠኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ለዚሁ የሚሆን የኢልፎርድ ቀመር አይዲ-62 ይባላል። በሊትር 50 ግራም ውሃ አልባ ሰልፋይት፣ 12 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 60 ግራም ውሃ አልባ ካርቦኔት፣ ግማሽ ግራም ፌኒዶን፣ 2 ግራም ብሮማይድና 0.2 ግራም ቤንዞትራያዞል ነው። ለወረቀት አንድ በሦስት ይቀጥናል።

ቤንዞትራያዞሉን "ይቅርብኝ" አትበሉ። ብሮማይድ ብቻውን ፌኒዶንን በደንብ አይዘውም፤ ነጩ ይቆሽሻል። ፌኒዶን ራሱ በቀዝቃዛ ውሃ መሟሟት ይሰንፋል። ጥቂት አልኮል ውስጥ አስቀድማችሁ ብትበጠብጡት ከብዙ ማማሰል ትድናላችሁ።

በቡና ፎቶ ይታጠባል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ካፌኖል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ነው ያወጡት። የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድና መሰሎቹ ናቸው። አሁን የተለመደው አሠራር ቫይታሚን ሲ ይጨመርበታል። በሊትር 54 ግራም ውሃ አልባ ካርቦኔት፣ 16 ግራም ንጹሕ ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና። ቫይታሚን ሲ ካርቦኔት ላይ ሲያርፍ ይገነፍላል፤ ሰፊ ዕቃ ያዙ፣ ጋብ ሲል ቡናውን ጨምሩ።

ግን ይሄ ቀመር የተሠራው ለፊልም ነው። ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው፤ ነጩንም ቢጫ ቡናማ ያደርገዋል። ያንን መልክ የሚወድ አለ። ንጹሕ ነጭና ድፍን ጥቁር ከፈለጋችሁ ግን ቡናውን ጠጡት። ሽታውም ከምታስቡት የከፋ ነው።

ቀምሜ ጨረስኩ። መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

አዲስ ዴቨሎፐር ሠርታችሁ ቀጥታ ጥሩ ወረቀት አታስገቡ። ሁለት ፈተና አለ፤ ሁለቱም አሥር ደቂቃ አይፈጁም።

የመጀመሪያው በመብራት ነው። ቁራጭ ወረቀት የክፍሉ መብራት እንደበራ አውጡና ግማሹን ብቻ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ንከሩ። ጤነኛ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ ግራጫ ይላል። ደቂቃ ተኩል ሲሞላ ከሰል ይመስላል። የተነከረውና ያልተነከረው የሚገናኙበት መስመር በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶም ግራጫ ከሆነ ቀመሩ ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል። ብዙ ጊዜ ካርቦኔቱ ነው።

ሁለተኛው በጨለማ ነው። ምንም ብርሃን ያልነካው ሁለት ቁራጭ ያዙ። አንዱን ዴቨሎፐር ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩና ወደ ፊክሰር (ያልጠቆረውን የብር ጨው አሟሙቶ ምስሉን ወደሚያጸናው ፈሳሽ) ውሰዱት። ሌላውን ዴቨሎፐር ሳይነካው ፊክሰር ውስጥ ብቻ ንከሩት። አጥባችሁ ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። እኩል ነጭ መሆን አለባቸው። ዴቨሎፐር የነካው ግራጫ ካለ ወይ ብሮማይዱ ተረስቷል፣ ወይ ወረቀቱ አርጅቷል፣ ወይ ቀዩ መብራታችሁ ያፈሳል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀዩን መብራት አጥፍታችሁ ድገሙት። አሁን ነጭ ከሆነ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ያው ግራጫ ከሆነ ለዴቨሎፐሩ ሁለት ሚሊ ሊትር የብሮማይድ ብጥብጥ ጨምሩና እዩት።

ወረቀቱ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

በ20 ዲግሪ ዲ-72 አንድ በሁለት ቀጥኖ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ከአንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል። ፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልለበሰው) ከሁለት እስከ ሦስት። ምስሉ ቶሎ ጠቆረ ብላችሁ በ30 ሰከንድ አታውጡት። ያለጊዜው የወጣ ፎቶ ጥቁሩ ቡናማ ቡናማ ይላል፤ እዚህም እዚያም ዥጉርጉር ይሆናል። ቶሎ ከጠቆረ የበዛው የኢንላርጀሩ ብርሃን ነው። እሱን ቀንሱ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሳህኑን ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ትልቅ ሳህን ውስጥ አስቀምጡ። ከ13 ዲግሪ በታች ሃይድሮኪኖን ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። ያኔ ሜቶሉ ብቻውን ስለሚቀር ፎቶው ለምን ደበዘዘ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ዴቨሎፐሩ እየደከመ መሆኑን ለማወቅም ሰዓት ተጠቀሙ። የምስሉ የመጀመሪያ ጥላ በስንት ሰከንድ ብቅ አለ? ትኩስ እያለ በ15 ሰከንድ ብቅ ካለና በጠቅላላ 90 ሰከንድ ካቆያችሁት ስድስት እጥፍ ነው። ወደ ማታ ላይ ብቅ ማለቱ 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ በዚያው ስድስት እጥፍ 120 ሰከንድ አቆዩት። 30 ሰከንድ ከደረሰ ግን አዲስ ቅዱ።

ኮንትራስት (በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት) በዴቨሎፐሩ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ብዙ አትጠብቁ። ወረቀታችሁ በፊልተር (ኢንላርጀሩ ላይ በሚደረግ ባለቀለም ማጣሪያ) ኮንትራስቱ የሚቀየር ከሆነ ፊልተሩ ከየትኛውም ዱቄት በላይ ይሠራል። ዴቨሎፐር የሚያመጣው ለውጥ በሁለት ፊልተሮች መካከል ያለችውን ትንሽ ክፍተት ለመሙላት ነው የሚጠቅመው። ቋሚ ኮንትራስት ባለው ወረቀት ለሚሠራ ግን ዋጋ አለው።

ለዚህ የተሠራ የድሮ ቀመር አለ፤ ቢየርስ ይባላል። ሁለት ጠርሙስ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ በሊትር 8 ግራም ሜቶል፣ 23 ግራም ሰልፋይት፣ 20 ግራም ካርቦኔት፣ 1.1 ግራም ብሮማይድ። በሁለተኛው 8 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 23 ግራም ሰልፋይት፣ 27 ግራም ካርቦኔት፣ 2.2 ግራም ብሮማይድ። ሰልፋይቱም ካርቦኔቱም ውሃ አልባው ነው። ለስላሳ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ብቻ በእኩል ውሃ ታቀጥናላችሁ። ጠንካራ ከፈለጋችሁ ሁለት እጅ ከመጀመሪያው፣ 14 እጅ ከሁለተኛው። በመካከል ያለው የእናንተ ነው። ሜቶልና ሃይድሮኪኖንን ለየብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

የዲ-72 ስቶክ እስከ አንገቱ በተሞላና በተከደነ የብርጭቆ ጠርሙስ ስድስት ወር ያህል። ግማሽ ጠርሙስ ከሆነ ሁለት ወር። ስለዚህ አንዱን ሊትር በአራት ትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍሉት። የቀጠነው በሳህን ላይ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ጠርሙስ አትመልሱት።

ቀለሙን እዩ። አዲስ ሲሆን ውሃ ይመስላል። ቀጭን ሻይ ሲመስል ፈትኑት። ጥቁር ሻይ ከሆነ በቃ፣ ሸኙት። ጠርሙሱ ላይ ስሙንና የተቀመመበትን ቀን ጻፉ። "አስታውሰዋለሁ" የሚል ሰው አያስታውስም።

ለፊልም ይሆናል?

ምስል ያወጣል፤ ግን ለፊልም በጣም ኃይለኛ ነው። ቅንጣቱ ይጎላል። ለፊልም የተሠራ ቀመር ፈልጉ።

አደገኛ ነው?

ጥንቃቄ ካለ በቤት የሚሠራ ነገር ነው። ትልቁ አደጋ ፈሳሹ ሳይሆን ብናኙ ነው። ስትመዝኑ ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ማራገቢያ ካለ አጥፉ። ሃይድሮኪኖን ዓይን ይጎዳል፣ ከተዋጠም መርዝ ነው። አስም ያለበት ሰው ከሰልፋይት ብናኝ ይራቅ። ወረቀቱን በጣት ሳይሆን በመቆንጠጫ አንሱ።

ሚዛኑ፣ ማንኪያው፣ ማሰሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨለማ ክፍሉ ነው። ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። የመጠጥ ጠርሙስም አትጠቀሙ። ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ሕፃን ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ዱቄቶቹን ቆልፉባቸው።

ሠርቼ የጨረስኩትን የት ልድፋው?

የአካባቢያችሁን ደንብ ተከተሉ፤ የኬሚካል ቆሻሻ የሚሰበሰብበት ቦታ ካለ እዚያ ውሰዱት። ወንዝ ውስጥ፣ አፈር ላይ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አትድፉ። ያገለገለውን ፊክሰር ለብቻው አጠራቅሙ፤ ውስጡ ብር አለበት። በአሮጌ ዴቨሎፐርና በፊክሰር ጠርሙሶች ላይ በትልቁ ጻፉ። አንዴ ሁለቱን አቀያይሬ ወረቀቱን መጀመሪያ ፊክሰር ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳህኑን እያወዛወዝኩ ምስሉ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ።